አጥንት ሕያው ነው፤ ለልጆችም እንደ ሕያው ይነገራቸው

አማርኛ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል አለው። በሕይወት ያለ ሰው የሚቆምበትን «አጥንት» ይለዋል፤ ነፍስ ከወጣች በኋላ አፈር የሚያቆየውን ደግሞ «አጽም» ይለዋል። አጥንት የዘር ሐረግም ነው፤ አንድ ሰው አጥንቱን ቆጠረ ሲባል አያት ቅድመ አያቱን ዘረዘረ ማለት ነው። አጽም ግን የሚሰበሰብ፣ የሚያርፍ፣ አንዳንዴም ከባዕድ ምድር ወደ አገር ቤት የሚመለስ ነገር ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ይህን ልዩነት ሳያስተውል የሕያዉን ልጅ የአጥንት አውታር «ሥርዓተ አጽም» ብሎ ይሰይመዋል። የሰባት ዓመት ልጅ በገዛ አካሉ ውስጥ ስላለው ነገር የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚቀበለው እንግዲህ ለሙታን በተለየ ቃል ነው።

የቃል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ለቋንቋ ሊቃውንት መተው በተቻለ ነበር። ችግሩ ሐሳቡም ቃሉን ተከትሎ መሄዱ ነው። በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን የሚያድጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ከሚማሩባቸው የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ የእንግሊዝን ሥርዓተ ትምህርት ይከተላሉ፤ በዚያ ሥርዓት የአጥንትና የጡንቻ ትምህርት የሚሰጠው በሦስተኛው ዓመት፣ ልጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆነው ነው። ጎማ ባለው መቆሚያ ላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ አጽም ወደ ክፍል ይገባል፤ ከልጆቹ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይፈራል፤ በወረቀት የተሳለውን ቀለም ይቀባሉ፤ 206 የምትል ቁጥር ይዘው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ ያንኑ ቅርጽ በገበያ ማዕከላት መስኮት ላይ ለማስፈራሪያ ተሰቅሎ ያገኙታል። ክፍሉም ገበያውም የሚያስተምሯቸው አንድ ነገር ነው፤ አጥንት ደረቅ፣ ነጭና የሞተ መሆኑን።

ቁጥሩ ራሱ ለዚያ ልጅ እውነት አይደለም። 206 የአዋቂ ሰው ቁጥር ነው። ሕፃን ሲወለድ ከ270 እስከ 300 የሚደርሱ የአጥንት ክፍሎች ይዞ ይወለዳል። እያደገ ሲሄድ እነዚህ እርስ በርሳቸው እየተጋጠሙ አንድ ይሆናሉ፤ የመጨረሻዎቹ የሚገጥሙት ሰውየው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ በክፍል ተቀምጦ 206 ብሎ የሚጽፈው ልጅ የጻፈው ስለ መምህሩ አካል እንጂ ስለ ራሱ አይደለም። ይህን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ትምህርቱ በዚያችው ቅጽበት ከወረቀት ወደ ገላው በገባ ነበር።

የኢትዮጵያ እናቶች ይህንን እውነት በሌላ ስም ያውቁታል። በጨቅላ ሕፃን አናት ላይ ከልብ ምት ጋር የሚርገበገበው ለስላሳ ስፍራ እርግብግቢት ይባላል። ቅቤ የሚቀባው፣ ከነፋስ የሚሸፈነው፣ ማንም በግድየለሽነት እንዳይነካው የሚጠበቀው እሱ ነው። እርግብግቢት የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልተገናኙበት ክፍተት ነው፤ በወሊድ ጊዜ ጭንቅላት በጠባቡ መንገድ እንዲያልፍ ያስችላል፤ ከዚያም በፍጥነት ለሚያድገው አንጎል ቦታ ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ልጁ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ይዘጋል። ታናሽ እህት የተወለደችለት ልጅ ስለ አጥንት ለመማር ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አያገኝም። መጽሐፉም በእናቱ እቅፍ ውስጥ ተኝቷል።

በረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አጠገብ እንደ ጆሮ የሚታጠፍ የልም አጥንት ንጣፍ አለ። ልጅ የሚረዝመው በዚያ ንጣፍ ነው፤ ዕድገቱ ሲያበቃ ንጣፉ ወደ ጠንካራ አጥንት ተለውጦ ይጠፋል። አጥንት ሲሰበር ራሱን ይጠግናል፤ ሳይሰበርም ዕድሜ ልኩን አሮጌውን እያፈረሰ በአዲስ ይተካል። በውስጡ ያለው መቅኔ በየሰከንዱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሠራል። ከአዋቂ ሰው አጥንቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ በትክክል 106ቱ፣ ያሉት በሁለት እጆችና በሁለት እግሮች ውስጥ ነው፤ ለመያዝና ለመራመድ የተሰጠ ድርሻ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራ ነገር በጨርቅ ተሸፍኖ መጋዘን ውስጥ በሚያድር ፕላስቲክ ብቻ ማስተማር ድካሙን ያህል ፍሬ አይሰጥም።

የሚገርመው ደግሞ ኢትዮጵያዊ ቤት ለዚህ ትምህርት ድሀ አለመሆኑ ነው። ዶሮ ለወጥ ስትዘጋጅ በአሥራ ሁለት ብልት ትወጣለች፤ እያንዳንዱ ብልት ከየትኛው መገጣጠሚያ እንደሚለይ ቢላዋውን የያዘችው ሴት ታውቃለች። ቢላዋው አጥንት አይሰብርም፤ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ያልፋል። በግ ሲታረድ አጎት ብልት ያወጣል፤ ዙሪያውን የቆሙ ልጆች ጎድኑን፣ ታፋውን፣ ቅልጥሙን በስሙ ይሰማሉ፤ የቅልጥሙን መቅኔ ማን እንደሚመጥ ይጣላሉም። በዴይራ ወይም በሻርጃው አልነህዳ በሚገኝ አፓርታማ ግን ዶሮው ተቆራርጦና ቀዝቅዞ በፕላስቲክ ይመጣል፤ የዒድ በግም በማዘጋጃ ቤቱ ቄራ ታርዶ በከረጢት ይደርሳል። ንጽሕናው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሥጋው ወደ ድስት ከመግባቱ በፊት ልጁን ጠርቶ የጭኑ አጥንት ከዳሌው ጋር በምን ዓይነት ክብ ጉልላት እንደሚገናኝ ማሳየት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። የተበላውን የዶሮ እግር አጥንት በአቼቶ ዘፍዝፎ ጥቂት ቀናት ማቆየትም ይቻላል፤ አሲዱ ካልሲየሙን ያሟሟዋል፤ አጥንቱ እንደ ጎማ ይታጠፋል። አጥንትን የሚያጠነክረው ምን እንደሆነ ልጁ ከዚያ በኋላ በቃል መያዝ አያስፈልገውም።

ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ማንሳት ይገባል። በእነዚህ ከተሞች የሚያድግ ልጅ የአካሉን ክፍሎች በእንግሊዝኛ ከክፍል፣ በዓረብኛ ከመጫወቻ ሜዳ ይማራል። በአማርኛ ራስና እግር ከማለት አያልፍም። ማጅራት፣ አከርካሪ፣ ክርን፣ አንጓ፣ የጉልበት ሎሚ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ የሚሉት ቃላት ከአያት ጋር በስልክ ሲነጋገር ይጎድሉታል፤ አያቲቱ ጉልበቷን እንዳመማት ስትነግረው የትኛው ጋ እንደሆነ መጠየቅ አይችልም። ወላጆች ልብ ያላሉት መልካም ነገርም አለ፤ ዓረብኛው «ዐዝም» እና አማርኛው «አጽም» የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ልጁ አንዱን ካወቀ ሌላው ባዕድ አይሆንበትም።

ስለ አጥንት ትምህርት ሲነሳ ደግሞ የዐብዱለጢፍ አልባግዳዲን ታሪክ ዘሎ ማለፍ አይገባም። እኚህ የባግዳድ ሐኪምና ሊቅ በ1200 እና በ1202 እ.ኤ.አ. መካከል ዓባይ ጎድሎ በግብፅ ብርቱ ረሃብ በወደቀበት ዘመን ካይሮ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የሕክምና ትምህርት ሁሉ የሚመዘነው ከእሳቸው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቀድሞ በኖረው በግሪካዊው ሐኪም በጋሌን ጽሑፍ ነበር። ጋሌን የሰው የታችኛው መንጋጋ በአገጭ ላይ የሚገናኙ ሁለት አጥንቶች ነው ብሎ ጽፏል። እሱን ተከትለው የጻፉትም ሁሉ ያንኑ ደግመዋል። መጽሐፉ ይነበባል፣ ይብራራል፣ ይሸመደዳል፤ መንጋጋውን ግን የሚያይ አልነበረም።

አልመቅስ በተባለው ስፍራ በረሃቡ ያለቁ ሰዎች አጽም እንደ ኮረብታ ተከምሯል ሲባል ሰሙና ሄዱ። በዚያም ከሁለት ሺህ በላይ የራስ ቅሎች ተመለከቱ። የታችኛው መንጋጋ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አጥንት ነበር፤ መገጣጠሚያም ስፌትም የለበትም። ሌሎች ሰዎችም እሳቸው ባሉበትና በሌሉበት ደጋግመው እንዲያዩ አደረጉ። መልሱ አልተለወጠም። ጋሌን ታላቅ ሊቅ መሆኑን ሳይክዱ የዐይን ምስክርነት ከእሱ ቃል ይልቅ የሚታመን መሆኑን በግብፅ ማስታወሻቸው አስፍረዋል። አውሮፓ ይህንኑ ስሕተት በግልጽ የነቀፈችው ቬሳሊየስ በ1543 ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ።

ለልጆች የሚነገረው ግን ከዚህም ይጥማል። ጨቅላ ሕፃን ሲወለድ የታችኛው መንጋጋው በእርግጥም ሁለት ነው፤ አንድ የሚሆነው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ውሻን የመሰሉ እንስሳት ዘንድ ደግሞ ሁለቱ ግማሾች ዕድሜ ልክ ሳይዋሐዱ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ጋሌን የመረመራቸውም በአብዛኛው እንስሳት ነበሩ። ስለዚህ መጽሐፉ የተሳሳተው ከባዶ ተነስቶ አልነበረም፤ ሌላ አካል አይቶ ስለዚህኛው አካል መናገሩ ነው። የአዋቂን ቁጥር ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሰጠው የክፍል ወረቀትም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

የእስልምናው ዓለም የሕክምና ቅርስ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ኢብን ሲና በቃኑን መጽሐፋቸው ስለ አካል ክፍሎች ሲያትቱ ከአጥንት ይጀምራሉ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሺራዙ መንሱር ኢብን ኢልያስ ያዘጋጁት መጽሐፍ የሰውን አጽም በሙሉ ገጽ ሥዕል አሳይቷል። በ2008 በሻርጃ የባሕር ዳርቻ በቀድሞው የገበያ ሕንፃ የተከፈተው የእስልምና ሥልጣኔ ሙዚየም ለዚህ ዘመን ሳይንስና ሕክምና ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ዐረፍተ ነገሩን በዓረብኛ የሚያነብ ልጅ ያለው ቤተሰብ ቢሄድ አይጸጸትም።

ከመጽሐፍም ከሙዚየም መስታወትም አልፎ የኤምሬቶች ምድር ራሱ የአጥንት መዝገብ ነው። ዩኔስኮ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. በሻርጃ የሚገኘውን የፋያን ጥንታዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ ከ2011ዱ የአልዐይን ምዝገባ ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ ቅርስ ነው። ከፋያ ብዙም በማይርቀው በጀበል አልቡሔይስ የሻርጃ የቅርስ ባለሙያዎችና የጀርመኑ ቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ ቆፍረዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው ሺህ ዓመት የኖሩ ከ500 የሚበልጡ ሰዎች ዐፅመ ርስታቸው እዚያ ነው። እረኞች ነበሩ፤ በግ፣ ፍየልና ከብት ይነዱ ነበር። ከሙታኑ ብዙዎቹ ከቀንድ አውጣ ቅርፊትና ከድንጋይ የተሠሩ ዶቃዎች አጊጠው ተቀብረዋል፤ በአንዳንዱ ራስ ቅል ላይ ሰውየው በሕይወት ሳለ የዳነ የስብራት ጠባሳ ይታያል። የተሰበረ ጭንቅላት ይዞ ለመዳን የሚያስታምም ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ነገር ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በሻርጃና በኡሙልቀይወይን ድንበር ላይ ባለው በተል አብረቅ ነው። ከአራት ሺህ ዓመት በፊት በተሠራ ክብ መቃብር ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አጥንት ተደባልቆ ተገኘ፤ ከመካከላቸው የአንዲት ወጣት ሴት አጽም ግን እንደተኛ፣ ሳይበታተን ነበር። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ገደማ ነው። የአጥንቶቿ ሁኔታ ጡንቻን በሚያሽመደምድ በሽታ መያዟንና መራመድ እንደሚያቅታት ያሳያል፤ ያጠኗት ሰዎች ፖሊዮ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ጥርሶቿ በጣም የተበሉ ናቸው፤ ምናልባትም በተምር ጣፋጭነት።

ልጅ ይህን ሲሰማ የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ ካልተራመደች ማን አበላት? ውኃ ማን አመጣላት? ከፀሐይ ወደ ጥላ ማን ተሸከማት? መልሱ ያለው በአጥንቱ ውስጥ ነው። በረሃ ላይ መራመድ የማትችል ልጅ እስከ ወጣትነት ዕድሜ የደረሰችው ዙሪያዋን የነበሩት ሰዎች ስላልተዉአት ነው። ስማቸውንም ቋንቋቸውንም ማንም አያውቅም። አንድ የቤተሰብ ታሪክ ግን ተነብቧል፤ ያነበቡትም አጥንት ማንበብ የተማሩ ሰዎች ናቸው። የክፍል ወረቀቱ ላይ ይህች ልጅ ብትኖር ኖሮ 206 ማንም አያስታውሰውም ነበር፤ እሷን ግን የሚረሳ አይገኝም።

አጅማንም ድርሻ አላት። በ1986 በሙወይሃት አካባቢ የፍሳሽ ቧንቧ ለመቅበር የሚቆፍሩ ሠራተኞች ከዚያው ከተል አብረቅ መቃብር ዘመን የሆነ የጋራ መቃብር አገኙ። በዱባይ ከሻርጃ ጋር በሚዋሰነው በአልቁሰይስ፣ ዛሬ ፎቅ በተደረደረበት፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች መቃብሮች ተገኝተዋል። በአልቁሰይስ ተከራይቶ የሚኖር የኢትዮጵያዊ ልጅ ሰፈሩን ከዚያ በኋላ በሌላ ዐይን ያያል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወላጆች የሚያነሱት ቅሬታ አለ፤ ሊናቅም አይገባም። የሞተ ሰው አጥንት ለልጆች መታያ መሆን አለበት ወይ የሚል ነው። በእስልምና የሙት አጥንት ክብር ከሕያው አጥንት ክብር አያንስም፤ መቃብር ላይ መቀመጥ እንኳ የተነቀፈ ነው። በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድም አጽም በጸሎትና በክብር ይያዛል። የሰው አጥንት ይዞ የሚሣለቅ፣ ፎቶ የሚነሣበት ተማሪ ያፈራ ትምህርት ሊያስተምር የተነሣውን አላስተማረም። ይሁን እንጂ መፍትሔው ልጁን ከእውቀቱ ማራቅ አይደለም። ልክ በልኩ የተሠራ ቅጂ ለማስተማር ይበቃል፤ ለዚህም ኢትዮጵያ ራሷ ጥሩ ምሳሌ ናት።

ኅዳር 24 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. በአፋር ሐዳር የተገኘችውን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረችውን ድንቅነሽን ለማየት አዲስ አበባ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም የሚገባ ጎብኚ ዘወትር የሚያገኘው ቅጂዋን ነው። ዋናዎቹ አጥንቶች በጥንቃቄ ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ማንም ቅጂ ነው ብሎ ተከፍቶ አልተመለሰም። ለልጆች ግን ከድንቅነሽ ይልቅ የምትቀርበው ሰላም ናት። ሰላምን ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በታኅሣሥ 2000 በዲኪካ አገኟት፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ስትሞት ግን ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ያልሞላት ሕፃን ነች። አጥንቷ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን በቅንጣት በቅንጣት ለማንሣት ዓመታት ወስዷል። በመንጋጋዋ የወተት ጥርሶቿ አሉ፤ ከሥራቸው ያልበቀሉት ቋሚ ጥርሶች ተራቸውን እየጠበቁ ተደርድረዋል። ጥርሱ የተነቃነቀበት የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሲሰማ ምላሱን ወደ ድዱ ይሰዳል።

ስለ ወጌሻ በጥቂቱ። በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ሲዘጋ ብዙ ቤተሰብ ወደ አገር ቤት ይሄዳል፤ ልጆችም ከዛፍና ከአጥር ይወድቃሉ። ወለምታን በመመለስ የተካኑ ወጌሾች አሉ፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን ስብራት ላይ በቀርከሃ አጥብቆ ማሠር ደም እንዳይዘዋወር አግዶ ክንድ ወይም እግር እስከ መቆረጥ እንደሚያደርስ የኢትዮጵያ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ለልጅ ደግሞ አደጋው ድርብ ነው፤ ያ የሚያረዝመው ንጣፍ ከተጎዳ አጥንቱ አጥሮ ወይም ተጣሞ ሊቀር ይችላል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከደነዘዙ፣ ቀለማቸው ከተለወጠ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ልጁም ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ከሁሉ በላይ ግን ሕያው አጥንት ፀሐይ ይፈልጋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባ የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉትን ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በሳንባ ምች ተይዘው ከተኙ 500 ሕፃናት 210ሩ አጥንት የሚያልመውን ሪኬትስ የተባለ በሽታ ይዘዋል፤ ለንጽጽር ከተመረመሩት ሌሎች 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ተቀናንሰው ሲሰላ ሪኬትስ ያለበት ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ 13 እጥፍ ከፍ ይላል። ጎድኑ ስለላላ ደረቱ ትንፋሹን ማንሣት ያቅተዋል። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር እየተባለች ለጎብኚ በምትታወቀው ኢትዮጵያ ሕፃናት በፀሐይ እጦት መታመማቸው የሚያሳዝን ነው። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ መጋኛና የሰው ዐይን እንዳያገኘው ተብሎ ጨቅላው በጨለማ ክፍል ተጠቅልሎ ይከርማል።

በባሕረ ሰላጤው ደግሞ መጋረጃውን የሚጋርደው ሙቀቱ ነው። ፀሐዩ እንዲህ በበዛበት በኤምሬቶች የቫይታሚን ዲ ማነስ የተስፋፋ መሆኑን ሐኪሞች ለዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል። ከቤት ወደ ሊፍት፣ ከሊፍት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ቀዝቃዛ የገበያ ማዕከል የሚመላለስ ልጅ ፀሐይን የሚያያት በመስታወት ነው፤ ቫይታሚኑን በቆዳ የሚያሠራው የብርሃን ዓይነት ደግሞ በመስታወት አያልፍም። ጠቆር ያለ ቆዳ ከነጣ ቆዳ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ጓሮ በሌለው ባለ አንድ ክፍል ቤት፣ አባትም እናትም በፈረቃ በሚሠሩበት፣ ልጅ በጠዋት ማን ያውጣው የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በሌሎች ሰዎች ቤት ልጅ የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያት ሞግዚቶችም ይህን ቢያውቁ የሚጠቀሙት የራሳቸው ልጆች ብቻ አይሆኑም። የሕፃናት ሐኪሞች ጡት ለሚጠባ ጨቅላ በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ እንዲሰጥ ይመክራሉ፤ ጠብታው መድኃኒት ቤት ሁሉ አለ፤ ቤት ገብቶ ከመሳቢያ ውስጥ ከተረሳ ግን ለአጥንት አይደርስም።

በጋው የሚያስጨንቅ ነው። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 እ.ኤ.አ. ደጅ የሚሠራ ሠራተኛ እንኳ በቀትር እንዲያርፍ በሕግ ተደንግጓል፤ ልጅን በዚያ ሰዓት ማውጣት የለም። ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ ግን የተባረከ ነው። ሻርጃ ከ2022 ጀምሮ ዓርብን ጨምሮ የሦስት ቀን የሳምንት ዕረፍት አላት፤ ዱባይና አጅማንም ቅዳሜና እሑድን ያርፋሉ። በጠመኔ የልጁን ጥላ መሬት ላይ መሥመር ማስመር፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሌላ ማስመር፣ ጥላው ባጠረ ቁጥር ፀሐይዋ ለአጥንቱ የምትሰጠው እንደሚበዛ መንገር ከመናፈሻው ሌላ ወጪ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቀንና ሰዓት ሲሰመር ጥላው ይረዝማል፤ ልጁም የረዘመው በየትኛው የአጥንቱ ጫፍ እንደሆነ ጉልበቱን ይዞ ሊያሳይ ይችላል።